ከእንጦጦ ቁልቁለት በኋላ የገዛሁት የፍሬን ዘይት

የምኖረው ሱሉልታ ነው። ሥራዬ አዲሱ ገበያ ስለሆነ በየቀኑ የእንጦጦን ዳገት በሞተር ወጥቼ በዚያኛው በኩል እወርዳለሁ። አምና ክረምት ሊወጣ ሲል ታናሽ ወንድሜን ከኋላ ጭኜ ስወርድ ከፊታችን የጭነት መኪና ነበር። ፍሬኑን ሳልለቅ ይዤው ወረድኩ። ቁልቁለቱ ሊያልቅ ሲል የፊት ፍሬኑን ብጨብጠው እስከ መሪው ድረስ ገባ። ማርሽ ቀነስኩ። የኋላው ዘይት የሌለው፣ በብረት ዘንግ የሚሠራ ነው፤ እሱን ረግጬ እንደምንም ጥግ ያዝኩ። ወንድሜ ምንም አላለም፤ ጃኬቴን ግን አልለቀቀም።

ትንሽ አረፍ ብለን ፍሬኑን ስሞክረው እንደ ድሮው ጠንክሯል። ይሄ ነው ሰው የሚያዘናጋው።

ነገሩን ያስረዳኝ የሰፈራችን መካኒክ ነው። የፍሬን ዘይት መያዣውን ክዳን ከፍቶ ሲያሳየኝ ዘይቱ ቡና መስሏል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ በጎማው ቱቦ በኩል እንኳ ቀስ እያለ ይገባበታል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት። 3.7 በመቶ ውሃ ሲገባበት ግን መስፈርቱ ራሱ ወደ 155 ዝቅ ይላል። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ዘይቱ ይፈላና አረፋ ይሠራል። አረፋ ይጨመቃል እንጂ ፍሬኑን አይገፋም። ሲቀዘቅዝ አረፋው ይጠፋል፤ ፍሬኑ የዳነ ይመስላል።

ዘይቱን ልገዛ ሱማሌ ተራ፣ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሰፈር፣ ስሄድ አንዱ ሻጭ «ወንድሜ፣ 5 ቁጥሩን ውሰድ፤ ከ4 ይበልጣል» አለኝ። ልወስድ እጄን ዘርግቼ ነበር። ደግነቱ ክዳኑን በስልኬ ፎቶ አንስቼው ነበር፤ «ዶት 4 ብቻ» ይላል። ቁጥሩ ደረጃ ብቻ አይደለም። ዶት 3፣ 4 እና 5.1 የግላይኮል ዘር ናቸው። ዶት 5 ግን ሲሊኮን ነው፤ ከእነሱ ጋር አይቀላቀልም። 5 እና 5.1 በስም ቢቀራረቡም አንድ አይደሉም። የሞተር ዘይትማ ጭራሽ አይታሰብም፤ ውስጥ ያሉትን ጎማዎች አሳብጦ ያበላሻል። እኔ ያልተከፈተ ትንሽ ጠርሙስ ዶት 4 ገዛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ራሴ ቀየርኩት። አሮጌውን በሲሪንጅ መጠጥኩና አዲሱን ሞላሁ። ታች ካለችው የአየር ማውጫ ላይ ቀጭን ቱቦ ሰክቼ ጫፉን ሃይላንድ ውስጥ አስገባሁ። ፍሬኑን ጨብጦ መያዝ፣ ማውጫዋን ላላ ማድረግ፣ መልሶ ማጥበቅ፣ ከዚያ መልቀቅ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ አየር ይገባል። ላይ ያለው ዘይት እንዲያልቅም አይፈቀድም፤ በየመሀሉ እጨምር ነበር። ንጹሕ ዘይት እስኪወጣና አረፋው እስኪቆም ቀጠልኩ። አንድ ጠብታ ታንከሩ ላይ ወደቀች፤ ወዲያው በብዙ ውሃ አጠብኳት። ቀለም ይልጣል።

መቀመጫው ሥር ቀኑን ጽፌ ለጥፌያለሁ፤ ሁለት ዓመት ሲሞላው እቀይረዋለሁ። በቀደም አንድ ጎረቤቴ የተረፈውን እንድሰጠው ጠየቀኝ። ጠርሙሱ ተከፍቶ ወራት ቆይቷል፤ አልሰጠሁትም። በማግስቱ የሞተሩን ክዳን አብረን አንብበን አዲስ ገዛንለት።