ለሠርግ የሚሆን ዲጄ ስለመምረጥ

ለሠርግ ዲጄ ሲፈለግ አብዛኛው ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው፤ እኔ ግን ከዋጋው በፊት ባለሙያው የታዳሚውን ስሜት እንዴት እንደሚከታተል ማየት ይገባል ብዬ አምናለሁ። አስቀድሞ ተቀናብሮ የተዘጋጀ ሙዚቃ ምንም ያህል ቢያምር፣ አያቶችና ወጣቶች በአንድ አዳራሽ በተገኙበት ጭፈራው ሲቀዘቅዝ ዲጄው ምን እንደሚያደርግ ስለማያሳይ፣ በሌላ ሠርግ ላይ ሲሠራ የተቀረጸና ያልተቆራረጠ ቪዲዮ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። በደቂቃ 90 ምት ካለው ዘፈን በድንገት ወደ 125 ምት የሚዘል ሰው ጨፋሪውን ግራ ያጋባል፤ የሠለጠነው ግን ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ያሳድገዋል።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። የሚጀምርበትና የሚጨርስበት ሰዓት፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያው፣ ቀብዱ የሚመለስበት ሁኔታ፣ እንዲሁም (ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል) በዕለቱ የሚመጣው ራሱ ይሁን ወይስ ተተኪ በግልጽ መስፈር አለበት። መጠባበቂያ ላፕቶፕና ማይክራፎን መያዙንም አረጋግጡ።

የዘፈን ምርጫን በተመለከተ የግድ መሰማት ያለባቸውንና ፈጽሞ የማትፈልጓቸውን ብቻ ዘርዝራችሁ ስጡት፤ ቅደም ተከተሉን ለእርሱ ተዉለት። የድምፅ ማጉያዎቹም አረጋውያን ከሚቀመጡበት ጠረጴዛ ርቀው እንዲተከሉ ቀድማችሁ ንገሩት።