ባዶዋ ከሙሉዋ የከበደች መኪና

ኢንጂነሩ ሰሞኑን ለጀማሪ ፕሮግራመሮች ስለ ኢንተርፌስ ዲዛይን፣ ማለትም ፕሮግራሞች እርስ በርስ ስለሚግባቡበት መንገድ፣ ሥልጠና ሰጠ አሉ። ይስጥ። እኔ ግን ወሬውን ስሰማ ትዝ ያለኝ ኮምቦልቻ ያለው የመኪና ሚዛን ነው። ትዝ ካለኝ ደግሞ ብናገረው ይቀለኛል።

ደሴ ቢሮ ያለን ጥቂት ልጆች ነን። ኢንጂነሩ አዲስ አበባ ሆኖ ይቆጣጠረናል። ለአንድ የእህል መጋዘን የሚዛን ሲስተም ሠርተናል። ሚዛን ቤቱ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር አለ፣ እሱ ላይ ሁለት ፕሮግራም ይሠራል። አንዱ በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ነው፣ ከሚዛኑ በሲሪያል ገመድ ኪሎ ያነባል። ሌላው በፓይተን የተጻፈው ስክሪን ነው፣ ወረቀት ያትማል። ለየብቻ የሆኑት ስክሪኑ ስታክ ሲያደርግ ንባቡ አብሮ እንዳይቆም ነው። ስክሪኑ ስታክ ያደርጋል፣ ይሄን መካድ አይቻልም።

ሁለቱ የሚገናኙት በዩኒክስ ሶኬት ነው፣ አንድ ኮምፒውተር ላይ ያሉ ፕሮግራሞች በሚነጋገሩበት መስመር። የሚላላኩት መልእክት ምን እንደሚይዝ በአንድ የፕሮቶ ፋይል ተጽፏል። ፕሮቶክ የሚባል መሣሪያ ያንን ፋይል አንብቦ ለሁለቱም ቋንቋ የማገናኛውን ኮድ፣ ባይንዲንጉን፣ ያወጣል። "በዚህ ዘመን ባይንዲንግ በእጁ የሚጽፍ ሰው የለም" ይላል ኢንጂነሩ፣ ነገሩን ራሱ የፈጠረው ይመስል። ሰን ማይክሮሲስተምስ እኮ በ1980ዎቹ አርፒሲጄን በሚባል መሣሪያ ይህንኑ ሲሠራ ነበር። ጉግልም ይህን እኛ የምንጠቀምበትን፣ ፕሮቶኮል በፈርስ የሚባለውን፣ ለሁሉም የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው።

ፋይላችን ውስጥ እያንዳንዱ መረጃ፣ ፊልድ የሚባለው፣ የራሱ ቁጥር አለው፤ ባዶ ክብደት ቁጥር 3 ነው፣ ሙሉ ክብደት ቁጥር 4። አንድ ቀን ኢንጂነሩ ፋይሉን ከፍቶ አየውና ቅደም ተከተሉ ደስ አላለውም። "ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሙሉውን ነው" ብሎ ሙሉውን ወደ ላይ አወጣው። መስመሩን ብቻ ቢያዘዋውር ኖሮ ምንም አይመጣም ነበር፤ ፕሮቶክ የመስመር ቅደም ተከተል ግድ አይሰጠውም። እሱ ግን ከላይ 4፣ ከታች 3 ሆኖ ሲያየው አስጠላውና ቁጥሮቹንም አቀያየራቸው። የፓይተኑን ኮድ እንደገና ጄነሬት አድርጎ በኢንተርኔት ኮምቦልቻ ላከው። የሲ ፕላስ ፕላሱን ማንም አልነካውም። የሚሠራ ነገር ማን ይነካል?

እዚህ ላይ ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልበል። በሶኬቱ ውስጥ "ባዶ" ወይም "ሙሉ" የሚል ስም አይጓዝም። የሚጓዘው ቁጥሩ፣ የአጻጻፉ ዓይነትና ዋጋው ነው። ትራፊክ ታርጋ እንደሚመዘግበው ነው፣ የባለቤቱን ስም አይጠይቅም። ላኪው 3 ብሎ ባዶውን ይልካል፣ ተቀባዩ 3ን ሙሉ ነው ብሎ ይቀበላል። ሁለቱም ተራ ቁጥር (ኢንቲጀር) ስለሆኑ የሚጮህ የለም። አንዱን ወደ ጽሑፍ ቢቀይረው እንኳ ይሻል ነበር፤ ዓይነቱ አልገጥም ብሎ ክብደቱ ስክሪኑ ላይ ሳይመጣ ይቀርና ያኔውኑ እናውቀው ነበር።

ይባስ ብሎ የተጣራው ክብደት ልክ ነው። ስክሪኑ አንዱን ከሌላው ሲቀንስ የሚመጣውን የመቀነስ ምልክት ይጥለዋል። ይሄን ያስደረጉት የሚዛኗ እትዬ ናቸው፣ ድሮ። አራጋፊ መኪና ሙሉ ገብቶ ባዶ ይወጣል፣ ጫኝ ደግሞ ባዶ ገብቶ ሙሉ ይወጣል፣ በወረፋ መሃል የተሳሳተ ቁልፍ መጫን ያለ ነው። ስለዚህ ሂሳቡ ልክ፣ ክፍያው ልክ፣ ሁሉም ደስተኛ። ወረቀቱ ላይ ግን ባዶና ሙሉ ተገላብጠዋል። ነጋዴውም ገንዘብ ያዡም የሚያዩት የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ነው።

ያወቀው ሾፌር ነው።

እኔ ፕሪንተሩ ወረቀት እየበላ አስቸገረ ተብዬ ወርጄ ነበር። ከሐርቡ ማሾ ጭኖ የመጣ ኤፍኤስአር አራግፎ ተመዘነ፣ ወረቀቱ ታተመ። ሾፌሩ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡት። ከዚያ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አሉ።

"እትዬ፣ ይቺን እስቲ ይዩልኝ።"

"ምን ሆነች? 95 ኩንታል። ልክ አይደለም?"

"እሱማ ልክ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ሙሉዋን 5 ሺህ 400 ኪሎ፣ ባዶዋን 14 ሺህ 900 ይላል። ማሾ ስጭንባት ቀለለች፣ ሳራግፍላት ከበደች። ወላሂ እንዲህ ያለ ማሾ መኖሩን ባውቅ ትንሽ አስቀርቼ ለነዳጅ አደርገው ነበር።"

ወረፋ ላይ ያሉት ሳቁ። እትዬ አልሳቁም።

"የተጣራው ልክ ከሆነ ሌላው ምን ያደርግልሃል?"

"መንገድ ላይ አስቁመው ወረቀት አምጣ ሲሉኝስ? ባዶ መኪናዬ 14 ሺህ 900 ትመዝናለች ብዬ ልማል?"

ይሄን ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ። ላፕቶፕ የያዘ ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

"ልጄ፣ የዚህ ነገር ባለቤት አንተ ነህ?"

"አብሽሩ ጋሼ፣ አየዋለሁ" አልኩ። ከዚያ በላይ የሚባል አልነበረም።

ፕሮቶክ ዲኮድ ሮው የሚባል አማራጭ አለው፣ ፋይሉን ሳያይ የመጣለትን ባይት ጥሬውን ያሳያል። በሶኬቱ ያለፈውን ቀድቼ ሰጠሁት። 3 ላይ 5400፣ 4 ላይ 14900። አዲሱን ፋይል ከፈትኩ፣ 3 ሙሉ ነው ይላል። ለኢንጂነሩ ደወልኩለት።

"ኤረር ያሳያል?" አለኝ።

"አያሳይም።"

"ሎጉ ላይስ?"

"ሎጉ ንጹህ ነው።"

"የተጣራውስ?"

"ልክ ነው።"

"ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?"

"ባዶ መኪና ከሙሉ መኪና ይከብዳል።"

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ያለውን እስካሁን አልረሳሁትም። "ስማ፣ ያንን ኮድ እኮ ሰው አልጻፈውም። ጄነሬት የተደረገ ነው። ጄነሬት የተደረገ ኮድ አይሳሳትም።"

የሚያናድደኝ እውነቱን መሆኑ ነው። ኮዱ አልተሳሳተም። የሲ ፕላስ ፕላሱ የድሮውን ፋይል በትክክል ፈጽሟል፣ የፓይተኑ አዲሱን በትክክል ፈጽሟል። ሁለት እውነተኛ ምስክሮች ቀርበው ወረቀቱ ውሸት ሆነ። ይሄን በስልክ እንዴት ብዬ ላስረዳው? "ቁጥሮቹን ግን ፕሮቶክ አላቀያየራቸውም" ብቻ አልኩት። ስብሰባ አለብኝ ብሎ ዘጋው።

ማስተካከሉ ቀላል ነበር። ቁጥሮቹን ወደነበሩበት መለስኩ፣ ሁለቱንም ወገን እንደገና አወጣሁ። የተከማቸውንም መዝገብ ማጥራት አልከበደም፤ ባዶው ከሙሉው የሚበልጥ መኪና በዓለም ላይ ስለሌለ እንደዚያ የሆነውን ሁሉ መገልበጥ ነው። ለሾፌሩም አዲስ ወረቀት ታተመላቸው። እንደገና በመነጽር አነበቡት፣ ከዚያ መረቁኝ።

በወሩ ሪፖርት ላይ ኢንጂነሩ እንዲህ ጻፈ፦ "ከተጠቃሚ በቀረበ አስተያየት መሠረት የሕትመት አቀማመጥ ተስተካክሏል።" አቀማመጥ!

እኔም በበኩሌ ሁለት ነገር አደረግሁ። ፋይሉ አናት ላይ "ቁጥር አይነካም፣ የተሰረዘ ፊልድ ቁጥር ሪዘርቭድ ይደረጋል" ብዬ ጻፍኩ፣ ቁጥሩ ለሌላ እንዳይሰጥ ይዘጋል ማለት ነው። ቀጥሎ ከድሮዎቹ ሰዎች ተማርኩ። በሰን አርፒሲ፣ ያ አርፒሲጄን ኮድ በሚያወጣለት መገናኛ፣ እያንዳንዱ ጥሪ የቨርዥን ቁጥር ይዞ ይሄዳል፣ ሰርቨሩ ያንን ቨርዥን ካላወቀው አልቀበልም ብሎ ይመልሰዋል። ፕሮቶኮል በፈርስ በራሱ እንዲህ አያደርግልህም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ቢልድ ሲደረግ፣ ማለትም ከኮዱ ሲዘጋጅ፣ ከፋይሉ ይዘት የሚወጣ መለያ በመጀመሪያው መልእክት ውስጥ እንዲሄድ አደረግሁ። የሁለቱ መለያ ካልገጠመ ስክሪኑ አይከፈትም፣ ለምን እንዳልተከፈተም በአማርኛ ይናገራል። ኮራሁ፣ ምን ይደበቃል።

ቆይቶ ኢንጂነሩ አንድ ፊልድ ጨመረ። በአዲስ ቁጥር ነው የጨመረው፣ ይሄን ተምሯል። የላከው ግን እንደልማዱ የፓይተኑን ብቻ ነው። ጠዋት ስክሪኑ አልከፈት አለ። መኪናው እስከ አስፋልቱ ተሰልፏል። እትዬ ደወሉልኝ፣ ከጀርባቸው ጥሩምባ ይሰማል።

"ይሄ ያንተ ነገር ሥራ አስፈታን" አሉኝ።

"እትዬ፣ ሁለቱ ስላልተስማሙ እኮ ነው። እንዳይሳሳት ነው የቆመው።"

"የድሮው ይሻለን ነበር። ቢገለብጥም ያትማል!"

ወርጄ እስካስተካክለው ወረፋው አልተቃለለም። በማግስቱ የመጋዘኑ አስተዳዳሪ ይህ ማገጃ እንዲነሣላቸው ደብዳቤ ጻፉ፣ ግልባጭ ለኢንጂነሩ። ኢንጂነሩ በዚያው ቀን "ሐሳቡን እደግፋለሁ" ብሎ መለሰ። እኔ ገና አልመለስኩም።