የጋሼ ግራ ጆሮ

ነገሩ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ዛሬም ግን ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ሽማግሌ ሳይ ኪሴን እዳብሳለሁ።

በፈረንጆቹ 2019 ሰሜን ቨርጂኒያ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ቫሌ፣ ማለትም የእንግዳ መኪና አቁሞ የሚያመጣ ሠራተኛ ነበርኩ። የማታ ሺፍት። ቡዟን፣ ትንሿን የመቀመጫ ክፍላችንን፣ የምንጋራው ከጋሼ ጋር ነው። ጋሼ አሜሪካ የገቡት በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ረጅም ዘመን ታክሲ ነድተዋል። በ1984 የዲሲው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ዋንጫ ሲበላ ዲሲ ነበሩ። ስለ ቡድኑ ኮከብ ፓትሪክ ዩዊንግ በሳምንት ሁለቴ ይነግሩኛል። "ዋንጫውን የወሰደ የመጀመሪያው ጥቁር አሠልጣኝ" ብለው ጆን ቶምሰንን ሲያነሱማ፣ ራሳቸው የቀጠሩት ነው የሚመስለው።

እኔ የእግር ኳስ ሰው ነኝ። ግን ማርች ላይ የኮሌጆቹ ውድድር ሲመጣ ሱፐርቫይዘራችን ብራኬት የሚባል የግምት ወረቀት ያዞራል፤ ዐሥር ዶላር ከፍለህ ዋንጫውን ማን እንደሚወስድ ትሞላለህ፣ ያገኘ ብሩን ጠቅልሎ ይወስዳል። 23 ሰው ገባ። ሁሉም የዱክ ዩኒቨርሲቲውን ኮከብ ዛየን ዊሊያምሰንን አይቶ ዱክ ብሎ ጻፈ። ጋሼም ዱክ አሉ፤ ምን ያድርጉ፣ ዩዊንግ ራሱ እያሠለጠነው ጆርጅታውን ውድድሩ ውስጥ አልገባም። እኔ መንጃ ፈቃዴ ላይ ያለውን ጻፍኩ። ቨርጂኒያ።

ሳቁብኝ። ጋሼ ግን አልሳቁም፣ አዘኑልኝ።

"ልጄ፣ ያለፈውን ዓመት አላየህም እንዴ?"

"አላየሁም ጋሼ።"

ነገሩኝ። በወንዶቹ ውድድር በየምድቡ አንደኛና 16ኛ ተብለው የተመደቡ ቡድኖች 135 ጊዜ ተጋጥመው፣ 135ቱንም አንደኛው አሸንፏል። በ2018 ቨርጂኒያ ከአንደኞቹም አንደኛ ተብሎ ገባ። ከዚያ ዩኤምቢሲ የሚባል፣ እዚሁ ባልቲሞር አጠገብ ያለ ዩኒቨርሲቲ 74 ለ 54 ሸኘው። በ20 ነጥብ! "እንዲህ የተዋረደ ቡድን በዓመቱ አይነሳም" አሉኝ። አመንኳቸው። ወረቀቱ ግን ገብቷል።

ማርች 30፣ ቅዳሜ ማታ። ቨርጂኒያ ከፐርዱ ጋር ነው። ያሸነፈ ወደ መጨረሻዎቹ አራት ያልፋል። እኔ በስልኬ አያለሁ፣ ጋሼ ወንበራቸው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። ግራ ጆሯቸው ላይ እንደ ሁልጊዜው የሬዲዮዋ ገመድ አለ። ዜና እየሰሙ ነው ብዬ ነው። ካርሰን ኤድዋርድስ የሚባል የፐርዱ ልጅ ከየት ከየት እየወረወረ ያስገባል፤ 42 ነጥብ ነው ያገባው። 5.9 ሰከንድ ቀርቶ ፐርዱ 70 ለ 67 ይመራል። የቨርጂኒያው ታይ ጀሮም ነፃ ውርወራ ሊወረውር ቆሟል።

ጋሼ ዓይናቸውን ገለጡ።

"በቃ አለቀልህ አይደል?"

"አለቀ ጋሼ።"

"ዐሥር ዶላርህን ልመልስልህ?"

"እንዴት?"

"ወረቀትህን ለእኔ ስጠኝ። ለትዝታ።"

ለትዝታ! ያን ጊዜ ደግነት ነው የመሰለኝ። ሰውዬው ልጅ ቢያሳዝናቸው ነው አልኩ። የወረቀቴን ኮፒ ከኪሴ አውጥቼ ጀርባው ላይ ፈረምኩበት፣ ሱፐርቫይዘሩም እንዲያውቅ ስሙን አዛወርኩ። ብሩን ተቀበልኩ። እዚህ ላይ ነው የሚያንገበግበኝ፤ ጎንበስ ብዬ "እግዜር ይስጥልኝ" አልኳቸው።

ወዲያው አንድ እንግዳ ትኬት ይዞ መጣ። መኪናው ምድር ቤት ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው፤ እዚያ ስልክ አይሠራም። አምጥቼ ሰጠሁት፣ ሁለት ዶላር ቲፕ ወረወረልኝ። ስመለስ ስልኬ ላይ 70 ለ 70 ይላል። ጀሮም አንዱን አግብቶ ሁለተኛውን ስቷል፣ ኳሷ ወደ ኋላ ተመትታ ሄዳለች፣ ኪሃይ ክላርክ ሮጦ ይዞ ወደ ፊት ወርውሯታል፣ ማማዲ ዲያኪቴ የሚባል የጊኒ ልጅ ሰዓቱ ሲያልቅ አስገብቷታል። በተጨማሪ ሰዓት 80 ለ 75 አለቀ።

ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

በማግስቱ ዱክ በአንድ ነጥብ ወደቀ። የ22 ሰው ወረቀት ሞተ። በሳምንቱ ከኦበርን ጋር ደግሞ ካይል ጋይ 0.6 ሰከንድ ሲቀር ሦስት ነፃ ውርወራ አግኝቶ ሦስቱንም አስገባ፣ 63 ለ 62። እኔ ይሸነፋሉ ብዬ እየጠበቅኩ ነበር። በራሴ ቡድን ላይ።

ፍጻሜው ሰኞ ኤፕሪል 8 ነው፣ ከቴክሳስ ቴክ ጋር። ሁለታችንም ሥራ ላይ ነን። ጥቂት ሰከንድ ቀርቶ ቨርጂኒያ በሦስት ይመራል፣ ይቅርታ፣ እየተመራ ነው። ስልኬ ላይ ተጫዋቾቹ ገና ይዘጋጃሉ። ድንገት ጋሼ ጭናቸውን በጥፊ መትተው "እሰይ!" አሉ።

"ምነው ጋሼ?"

"ኧረ ምንም።"

ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ስልኬ ላይ ዲአንድሬ ሃንተር ባለ ሦስቱን ከጥግ አስገባ።

ስልኬን አየሁ። ግራ ጆሯቸውን አየሁ። የስልክ ሥርጭት ከሬዲዮ እንደሚዘገይ ያኔ ገባኝ። ያ ቅዳሜ ማታ ታይ ጀሮም በእኔ ስልክ ገና ለመወርወር ቆሞ ሳለ፣ በጋሼ ጆሮ ዲያኪቴ አስገብቶ ሰው እየጮኸ ሊሆን ይችላል። "ሊሆን ይችላል" የምለው ጠይቄያቸው ስለማላውቅ ነው። ሽማግሌ ናቸው፤ ደግሞም ዐቢይ ጾም ነበር። እውነቱን ለመናገር አልዋሹኝም፤ የጠየቁኝ ጥያቄ ብቻ ነው።

ቨርጂኒያ በተጨማሪ ሰዓት 85 ለ 77 አሸነፈ። ጋሼ 230 ዶላር ተቆጠረላቸው። ለሱፐርቫይዘሩ ሲያስረዱ ሰማሁ፦ "የተዋረደ ቡድን በዓመቱ ይነሳል። እኔ ይኼን ከ1984 ጀምሮ አውቀዋለሁ።" ከፋሲካ በኋላ ክትፎ ጋበዙኝ። በላሁ። ጣፋጭ ነበር፣ እሱም ያበሳጫል።

በቀጣዩ ዓመት ተዘጋጀሁ። የቡድኖቹን ጨዋታ ከኖቬምበር ጀምሬ ተከታተልኩ፣ በ18 ዶላር ትንሽ ሬዲዮ ከነማዳመጫው ገዛሁ። ማርች 12 ቀን 2020 ውድድሩ በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። ጋራዡ ባዶ ሆነ። እኔና ጋሼ ቡዟ ውስጥ ተራርቀን ተቀምጠን፣ እሳቸው በሬዲዮዋቸው እኔ በሬዲዮዬ፣ አንድ ዓይነት ዜና እንሰማለን።

"ልጄ" አሉኝ አንድ ማታ፣ "ዋንጫ ካልተካሄደ ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን እንደ ሻምፒዮን ይቀጥላል አይደል?"

"ይመስለኛል ጋሼ።"

"እንግዲያው እኔ ነኛ።"