ግዙፉ ታናሽ

ማይክል አንጄሎ የቀረጸው የዳዊት ሐውልት ቁመቱ 5.17 ሜትር ነው። ጎልያድ በዕብራይስጡ መጽሐፈ ሳሙኤል ስድስት ክንድ ከስንዝር ስለሆነ ሦስት ሜትር አይሞላም፤ የግሪኩ የሰብዓ ሊቃናት ትርጉምና በሙት ባሕር አጠገብ ከተገኙት ጥንታውያን ጥቅልሎች አንዱ ደግሞ አራት ክንድ ከስንዝር ስለሚሉ ወደ ሁለት ሜትር ዝቅ ያደርጉታል። በየትኛውም ልክ ቢለካ፣ በዓለም ላይ እጅግ የታወቀው የታናሹ እረኛ ምስል በወንጭፍ ከጣለው ሰው በብዙ ይረዝማል። ፍሎረንሳውያን ራሳቸው ሐውልቱን «ግዙፉ» ይሉት ነበር። ይህ ነገር ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘኛል፤ ሰዎች የዳዊትን ታናሽነት ይወዱለታል፣ ሊቀርጹት ወይም ሊሥሉት ሲነሡ ግን ያሳድጉታል።

ሐውልቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1501 እስከ 1504 የተሠራው፣ ሌሎች ቀራፂዎች ጀምረው ለዐሥርት ዓመታት በተዉት የካራራ እብነ በረድ ነው። የኢጣሊያዋ ከተማ ፍሎረንስ በ1494 ይገዛት የነበረውን የሜዲቺን ቤተሰብ አባርራ ነበርና፣ ኃያላን ለከበቧት ሪፐብሊክ ምሳሌ እንዲሆን በመንግሥት መቀመጫዋ በር ላይ አቆመችው። የሚገርመው ግን የተባረሩት ሜዲቺዎችም ቀደም ሲል የቀራፂውን የዶናቴሎን የነሐስ ዳዊት በገዛ ግቢያቸው አቁመው የነበረ መሆኑ ነው። በባንክ ሥራቸው በአውሮፓ ስመ ጥር የነበሩት እነዚህ ባለጸጎች፣ በታሪኩ ውስጥ የጎልያድ ቦታ የእነርሱ ሊሆን እንደሚችል የጠረጠሩ አይመስልም።

በእኛ አገር የብራና መዝሙረ ዳዊት ሲገለጥ የሚታየው ዳዊት ሌላ ነው። ዘውድ ደፍቶ፣ በዙፋን ተቀምጦ በገና ይደረድራል፤ አንዳንዴም ባለሟሎቹ ይከቡታል። ቢያንስ ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሠዓሊዎቻችን ደጋግመው የሣሉት ይህን ነው። ጎልያድን ሲጥል የሚያሳዩ ሥዕሎች የሉም ማለቴ አይደለም፤ የዳዊት ዋና መልክ ሆኖ የጸናው ግን ባለ በገናው ንጉሥ ነው። በመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤል በገና የሚደረድረው ንጉሡ አልነበረም፤ ክፉ መንፈስ የሚያስጨንቀውን ሳኦልን እንዲያረጋጋ ከበጎቹ መካከል የተጠራ ብላቴና ነበር። ሠዓሊዎቻችን አገልጋዩን አንሥተው በጌታው ዙፋን ላይ አስቀመጡት ማለት ነው።

ምክንያቱ ስውር አይደለም። ነገሥታቱ ዘራቸውን በቀዳማዊ ምኒልክ በኩል ከሰሎሞን ስለሚቆጥሩ፣ ዳዊት የቤተ መንግሥቱ አያት ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1382 እስከ 1413 የነገሡት ዐፄ ዳዊት ስሙን ይዘዋል፤ ዐፄ ልብነ ድንግልም ዳዊት ተብለው ነግሠዋል፤ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሳይቀር የዘር ሐረጉን በአንቀጽ አስፍሮታል። በገናውንም ቀዳማዊ ምኒልክ ከኢየሩሳሌም ይዞት እንደ መጣ በትውፊት ይነገራል፤ ዐሥር አውታሩም መዝሙሩ «ዐሥር አውታር ባለው በገና» ከሚለው ጋር ይስማማል።

ታናሹን ዳዊት ጠብቆ ያቆየልን እንግዲህ ከሥዕሉ ይልቅ የጸሎቱ ልማድ ነው ብዬ አምናለሁ። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሮ ንባብ የለየ ልጅ ወደ ዳዊት ይገባል፤ ዳዊት ሲደግምም ወላጆቹ አቅማቸው የፈቀደውን ደግሰው መምህሩን ያመሰግናሉ። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉ ከነማኅደሩ ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል፤ ለየዕለቱ ተከፍሎ ይጸለያል፣ በሰሙነ ሕማማት ይደገማል፣ ሰው ሲያርፍም ዐሥር ዐሥር መዝሙር የያዙት 15ቱ ንጉሥ ለደጋሚዎች ተከፋፍለው ይደርሳሉ። የቤተ እስራኤል ቄሶችም መዝሙሩን በግእዝ ሲያደርሱ ኖረዋል። መከራ የገጠመው ሰው ዳዊቱን ሲዘረጋ የሚያገኘው ዘውድ የደፋ ባለ ዙፋን አይደለም። «አቤቱ፥ የሚያስጨንቁኝ ምንኛ በዙ!» የሚለው ሦስተኛው መዝሙር፣ ንጉሡ ከገዛ ልጁ ከአቤሴሎም ፊት በሸሸ ጊዜ የጸለየው እንደሆነ በአርእስቱ ላይ ተጽፏል። አባት ከልጁ ከመሸሽ የበለጠ ምን መዋረድ አለ?

መቶ ኀምሳው ሲያልቅ ደግሞ ከቁጥር ውጭ የሆነ አንድ አጭር መዝሙር ይቀራል። 151ኛው መዝሙር ዳዊት ስለ ራሱ የሚናገርበት ነው፦ ከወንድሞቹ ታናሽ እንደ ነበረ፣ የአባቱን በጎች ይጠብቅ እንደ ነበረ፣ ወንድሞቹ ያማሩና የገዘፉ ሲሆኑ እግዚአብሔር ግን እነርሱን እንዳልመረጠ ይተርካል። በአይሁድ ቀኖና ውስጥ የለም፤ ሆኖም የዕብራይስጥ ቅጂው ከሙት ባሕር ጥቅልሎች በአንዱ ላይ ተገኝቷል። መጽሐፉ በዚህ መዝሙር መዘጋቱን እወደዋለሁ። ያን ሁሉ ምስጋናና ልቅሶ ያሰማው ንጉሥ በመጨረሻ ተመልሶ የቤቱ ታናሽ ይሆናል።

ታናሽነቱም ከጎልያድ ፊት ከመቆሙ በፊት፣ እዚያው በአባቱ ቤት የጀመረ ነው። ሳሙኤል ከእሴይ ልጆች አንዱን ሊቀባ ቤተ ልሔም ሲደርስ ሰባቱ ተራ በተራ ቀረቡ፤ ስምንተኛውን ግን ነቢዩ «ሌላ የለህምን?» ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ አባቱ እንኳ አላስጠራውም። በኤላ ሸለቆም መጀመሪያ የተቆጣው ጎልያድ ሳይሆን ታላቅ ወንድሙ ኤልያብ ነው፤ ያን ጥቂት በጎች ለማን ትተህ መጣህ ብሎ በሰው ፊት አዋረደው። ለእኔ ከጦሩ ትዕይንት ይልቅ ይህ ይከብደኛል፤ ከግዙፍ ጠላት ጋር የሚገጥመው ጥቂት ሰው ሲሆን፣ በቤተሰቡ የተናቀ ግን በየሰፈሩ አለ። ወንጭፉን በተመለከተ፣ ስብከቶች ከሚገባው በላይ እንደ መጫወቻ የሚያዩት ይመስለኛል። ማማ ላይ ሆኖ ማሽላውን ከወፍና ከዝንጀሮ የጠበቀ ገበሬ ወንጭፍ ምን እንደሚሠራ ያውቃል፤ መጽሐፈ መሳፍንትም ድንጋይ ወንጭፈው አንዲት ጠጉር ስንኳ የማይስቱ 700 ግራኝ ብንያማውያንን ይጠቅሳል።

ያው መጽሐፍ ታናሹን ካነገሠ በኋላ አይራራለትም። ሠራዊቱ ሲዘምት ንጉሡ በኢየሩሳሌም ቀረ፤ የኦርዮን ሚስት ቤርሳቤህን ወሰደ፤ የኦርዮንም የሞት ትእዛዝ በራሱ በኦርዮ እጅ ላከ። ነቢዩ ናታን መጥቶ ብዙ መንጋ ያለው ባለጸጋ የድሀውን አንዲት በግ እንደ ቀማ ሲነግረው፣ የቀድሞው እረኛ በቁጣ ነደደ፤ «ያ ሰው አንተ ነህ» እስኪባል ድረስም ራሱን አላወቀም። በቁርኣንም ሱረቱ ሷድ ውስጥ 99 በጎች ያሉት ሰው ባለ አንዲቱን ሲጫነው ሁለት ተሟጋቾች ወደ ነቢዩ ዳውድ ይመጣሉ፤ ዳውድም እንደ ተፈተነ ዐውቆ ምሕረት ይለምናል። ብዙ ሙፈሲሮች፣ ማለትም የቁርኣን ተንታኞች፣ ነቢያት ከእንዲህ ያለ በደል የተጠበቁ ናቸውና የኦርዮን ታሪክ ከዚህ ጋር ማያያዝን አይቀበሉም፤ የባለ ብዙውና የባለ አንዲቱ ክስ ግን በሁለቱም መጻሕፍት ንጉሡ ፊት ይቀርባል።

ከሥዕል ሁሉ ወደዚህ የሚቀርብብኝ ሮም በቦርጌዜ ቤተ መዘክር ያለው፣ በ1610 አካባቢ የተሣለው የካራቫጆ ሥራ ነው። ወጣቱ ዳዊት የተቆረጠውን ራስ አንጠልጥሏል፤ ፊቱ ላይ ግን የድል ደስታ የለም። የጎልያድም ፊት የሠዓሊው የራሱ ፊት ነው። ካራቫጆ በዚያን ጊዜ ሰው ገድሎ ከሮም የሸሸ ሰው ነበርና፣ ሜዲቺዎች ያላሰቡትን ቦታ ለራሱ መረጠ።

በእኛ ቁጥር 50ኛው መዝሙር፣ «ተሣሃለኒ እግዚኦ» የሚለው፣ ናታን ከመጣ በኋላ የተጸለየ እንደሆነ አርእስቱ የቤርሳቤህን ስም ሳይሸሽግ ይናገራል። ከዳዊት ዘር ነን የሚሉት ነገሥታትም የአያታቸውን ነውር የያዘውን ይህን ጸሎት፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ከተቀመጠው የኔ ቢጤ ጋር እኩል ሲደግሙት ኖረዋል።