በሽታውም መድኃኒቱም ሲያስፈራኝ

እግዚአብሔር ይመስገን! ጻፊው እያላችሁ ስትወተውቱኝ ለነበራችሁ እህቶቼ፣ ይኸው ምስክርነቴ።

የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ሲኤምኤል የሚባለው የደም ካንሰር ተገኝቶብኝ ኢማቲኒብ ጀመርኩ፣ ብዙዎቻችን ግሊቬክ የምንለውን፣ 400 ሚሊግራም በቀን አንዴ ከምግብ ጋር። መድኃኒቱን አላማውም። ነጭ የደም ሴሌ ወረደልኝ፣ በግራ ጎኔ የተወጠረው ጣፊያዬም ሟሸሸ። ተገላገልኩ ስል ድካም ጣለኝ። ምግብ አስጠላኝ፣ ሽንቴ ጠቆረ፣ ዓይኔ ቢጫ ሆነ።

ሰፈሩ ቶሎ ፈረደ። "የወፍ በሽታ ነው፣ መርፌ እንዳትወጊ ትሞቻለሽ፣ ቅጠል የሚሰጥ ሰው እናውቃለን።" በፍቅር ነው፣ አልቀየምም። እናቴ ግን "መጀመሪያ ሐኪሟ ይያት" ብላ የሐረጎን ጠመዝማዛ አስወጥታ ደሴ ወሰደችኝ። ኤስጂፒቲ የሚሉት የጉበት ምርመራ ከጤነኛው ጣሪያ ከአምስት እጥፍ በላይ ወጥቷል። ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ የለብኝም። ሐኪሙ "መድኃኒቱ ነው ጉበትሽን የጎዳው፣ ለጊዜው አቁሚ። ቅጠል እንዳትቀምሺ፣ ሳትጠይቂኝም ፓራሲታሞል እንዳትውጪ" አለኝ። ከሁለት ተኩል እጥፍ በታች ካልወረደ አያስጀምረኝም።

አቁሚ! እስቲ አስቡት። ብውጠው ጉበቴ፣ ብተወው ካንሰሩ። ረጅም ጸሎት መጸለይ አቃተኝ፣ ሌሊት ሌሊት ተነስቼ "ጌታዬ፣ ጉበቴን አሳርፈው፣ ያኛውንም እንዳይነሳ ያዝልኝ" ብቻ እላለሁ። እናቴ ለግሸን ማርያም ተሳለች። ሙስሊም ጎረቤታችንም ዱዓ አስደረገችልኝ፣ ወሎ አይደል እንዴ! የንስሐ አባቴ ጸበሉን ጠጪ አሉኝ፣ ሐኪሙ ሲፈቅድልሽ ግን መድኃኒቱን እንዳትተይ ብለው አስጠነቀቁኝ። ጸበል ላይ ነኝ ብሎ መድኃኒቱን የጣለ ሰው ስለማውቅ ይህን ምክር እንደ ቀላል አላየውም።

ከዚያ ለምርመራ ደም በሰጠሁ ቁጥር የጉበቴ ውጤት ወረደ። የዓይኔም ቢጫ ለቀቀ። ሐኪሙ ካለው በታች ሲገባ በ300 ሚሊግራም አስጀመረኝ፣ አንዳንድ ሰው ላይ ግን ጉዳቱ እንደሚመለስ አልደበቀኝም። የመጀመሪያዋን ፍሬ እናቴ ፊት አማትቤ ዋጥኳት። አልተመለሰም! መድኃኒት ባቆምኩበት ጊዜ ሁሉ የነጭ ደም ሴሌ ቁጥርም ከፍ አላለም።

መጠኑ ስለተቀነሰልሽ ነው የሚለኝ አለ። አዎ ተቀንሷል፣ ሐኪሜንም አመሰግናለሁ። እኔ የለመንኩት ግን ጉበቴ እስኪያርፍ ካንሰሩ እንዲታገስልኝ ነበር፣ እሱም ሆነልኝ። ይህን ማንም አይወስድብኝም።

ስለቱን ለመስከረም 21 ግሸን ወጥተን አስገብተናል። ክትትሌንም አላቆምኩም፣ በቀጠሮዬ ደም እሰጣለሁ። በቀደም ወረፋ ላይ ከወልዲያ የመጣች ልጅ አገኘሁ፣ እሷም ያንኑ መድኃኒት አቁሚ ተብላ ውጤት እየጠበቀች ነው። ስሟን አልጽፍም፣ እግዚአብሔር ያውቃታል። በጸሎታችሁ አስቧት።