የዘጋኝ ጠብታው ነበር

ደሴ ላይ ክረምቱ ወጥቶ ሳሩ ሲያብብ የሚያስነጥሰው ሰው ሁሉ «ሳይነስ አለብኝ» ይላል። እኔም እል ነበር። በመጨረሻ አፍንጫዬን የዘጋው ግን ልከፍትበት የገዛሁት ጠብታ ሆኖ ተገኘ። ዓይንና ላንቃ የሚያሳክክ፣ ንፍጡ እንደ ውኃ የቀጠነ፣ ትኩሳት የሌለው፣ ሳምንት አልፎም የማይለቅ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የአበባ ብናኝ አለርጂ ነው። አሞክሳሲሊንን የመሰለ አንቲባዮቲክ ምንም አይፈይድለትም።

ቀላል ቀላሉን ላሳልፍ። ለቡና የሚጎዘጎዘው ሳር ይቅር፣ እንግዳ ቢመጣም። ከውጭ ሲገቡ ፊት ታጥቦ ልብስ መቀየር። ማታ ሴትሪዚን የሚባለው የአለርጂ ክኒን፣ 10 ሚሊግራም። ኮምቦልቻ ያላችሁ ቅንጬ አረምን ሳያብብ፣ በጓንት ንቀሉት፤ ቆዳንም አፍንጫንም ያስቆጣል። ለአፍንጫ እጥበት 240 ሚሊ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አዮዲን የሌለው ጨው፣ ቆንጠር ተደርጎ ቤኪንግ ሶዳ፤ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ፣ ጎንበስ ብሎ፣ አፍ ከፍቶ። አንድ ደቂቃ ማፍላት ይበቃል የሚባለው ለቆላው ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃው 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ 3 ደቂቃ ይንተክተክ።

አሁን ወደ ጠብታው። ዛይሎሜታዞሊን ይባላል፤ ያበጡትን የአፍንጫ ደም ሥሮች ስለሚያኮማትር በደቂቃዎች ውስጥ ይከፍታል። የሸጠልኝ ሰው «አብሽር፣ እስኪሻልህ ጨምር» አለኝ እንጂ የቀን ገደብ እንዳለው ትንፍሽ አላለም። ውስጡ ያለውን ወረቀት ሳላነብ የጣልኩት ግን እኔው ነኝ። መጀመሪያ ጠዋትና ማታ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት በየአራት ሰዓቱ፤ በስድስተኛው ያለ ጠርሙሷ እንቅልፍ የለም። ኃይሉ ሲያልቅ ደም ሥሮቹ ከበፊቱ ብሰው ያብጣሉ፣ ሌላ ጠብታ ይጠይቃሉ። ሳሩ ደርቆ፣ ዓይኔ ማሳከኩን ትቶ፣ አፍንጫዬ ድፍን እንዳለ ቀረ። ያኔ ነው የነቃሁት። ማሸጊያው 7 ቀን ቢፈቅድም እኔ ከ3 ቀን በላይ አልመክርም። የደም ግፊት ያለበት ሐኪም ሳይጠይቅ አይንካው።

የተላቀቅሁት በአንድ ጎን ጀምሬ ነው። በቀኙ ቀዳዳ አቆምኩ፣ በግራው ቀጠልኩ፤ ቢያንስ በአንዱ ይተነፈሳል። ቀኙ በ9 ቀን ራሱን ሲችል ግራውንም ተውኩ። በዚያው ጊዜ ሐኪም ያዘዘልኝን ቤክሎሜታሶን የሚባል ስቴሮይድ የአፍንጫ ስፕሬይ እጠቀም ነበር። እሱም አያያዙን ላላወቀበት ያደማል፦ አገጭ ዝቅ፣ በቀኝ እጅ ለግራ ቀዳዳ፣ ጫፉ ወደ መሃሉ ግድግዳ ሳይሆን ወደ ጆሮ። በኃይል አይሳብም፤ ጉሮሮ ከገባ ባከነ። ሙሉ ለሙሉ እስኪሠራ 2 ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል የሚጀመረው ሳሩ ሳያብብ፣ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው።

ጠብታውን ለጉንፋን አሁንም እገዛለሁ። የከፈትኩበትን ቀን ጠርሙሷ ላይ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ፤ በአራተኛው ቀን ወደ ቆሻሻ።