ሁዳዴን ማልታ ላይ

ወደ ማልታ የሄድኩት በሁዳዴ ነው። ዘመዶቼ «ደሴት ላይ ምን ልትበላ ነው?» ብለው ተጨነቁ። በወይን የተሠራ የጥንቸል ወጥ የአገሩ ዋና ምግብ ስለሆነ ሐሳባቸው ገብቶኛል። ግን የሐዋርያት ሥራ 28 መላጥያ የሚላት፣ ቅዱስ ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ ያረፈባት ደሴት ይህችው ናት። ሕዝቡ ካቶሊክ ነው፤ ጾም ሲባል ያውቃል።

ማረፊያዬ እንደደረስኩ ለቤቱ ባለቤት፣ ለአንዲት አሮጊት እናት፣ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ እንደማልቀምስ፣ ጥንቸል ደግሞ ከፋሲካ በኋላም በእምነቴ እንደማይበላ ነገርኳቸው። እንግሊዝኛ ከማልትኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋ በመሆኑ መግባባት አልቸገረንም። ምግብ ከቀረበ በኋላ እንቢ ማለት የጋባዥን ልብ ይሰብራል፤ ቀድሞ መናገር ግን ደስ ያሰኛቸዋል። በማግስቱ ክዋሬዚማል ይዘውልኝ መጡ፤ ለጾም ተብሎ ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል ከአልመንድ የሚጋገር፣ ማር የሚቀባ ብስኩት ነው።

ሆዴን የያዘልኝ ግን ቢጊላ ነው። የደረቀ ባቄላ ተቀቅሎ ይደቆስና በነጭ ሽንኩርት፣ በወይራ ዘይትና በቃሪያ ይታሻል፤ ከእኛ ፉል ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። ከፍቲራ ጋር በላሁት፤ ፍቲራ ጠፍጣፋ እርሾ ያለው ዳቦ ሲሆን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2020 አሠራሩን በቅርስነት መዝግቦታል። ቲማቲምና ዘይት የተቀባ ዳቦም በየቦታው አለ፤ ቱና ስለሚጨምሩበት «ያለ ዓሣ» ማለት ያስፈልጋል። ፓስቲዚ የሚባለውን፣ ውስጡ የሚሞላ ትኩስ የተጋገረ ሊጥ ግን አተር የተሞላውንም ተውኩት፤ ሊጡ በአሳማ ስብ ሊሠራ ይችላል፣ ሻጩም ሁልጊዜ አያውቅም።

ዋና ከተማው ቫሌታ ያለው የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል ውስጥ ጣሊያናዊው ሠዓሊ ካራቫጆ እ.ኤ.አ. በ1608 የሣለው የመጥምቁ አንገት መቆረጥ አለ። ፊቱ ብዙ ቆምኩ፤ ለእሱ ብቻ እንኳ መሄድ ያስመኛል። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፤ እህቶች ነጠላ በቦርሳችሁ ያዙ። ወለሉ ደሴቲቱን ይገዙ የነበሩት የቅዱስ ዮሐንስ ማኅበር ፈረሰኞች የእብነ በረድ መቃብር ስለሆነ ሹል ተረከዝ ያለው ጫማ አይፈቀድም።

የእነሱ ፋሲካ በዚያ ዓመት ከእኛ ቀደመ። ጸሎተ ሐሙስ ማታ ሰባት አብያተ ክርስቲያናት ተሳልሞ መዞር ልማዳቸው ነውና ከቤቱ ሰዎች ጋር ዞርኩ፤ እንግዳ ነህ ብሎ ያየኝ የለም። በስቅለት ትልልቅ ምስሎች በትከሻ ተሸክመው ይወጣሉ። ያን ቀን ብዙ ሱቅ ስለሚዘጋ ዳቦውንና ቢጊላውን ከሐሙስ ገዝቶ ማሳደር ነው።